የ«ጌት» ባዶ መስመሮች

ዶሃ፣ አቡ ሃሙር
ዐርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ገብረ መስቀል፣

ከባሕር ማዶ ሆና እጅ የምትነሳዎት ሀረገወይን ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የመኩሪያ ሴት ልጅ። እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬ ወለተ ጊዮርጊስስ? የወገባቸው ሕመም ጋብ አለላቸው? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ፣ የማዳም ልጆች አያታቸው ዘንድ በሄዱበት ሰዓት ነው።

ጋሼ፣ ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩኝ ውጭ ውጭውን እያየሁ እንዳስቸገርኩዎት አልረሳሁም። አሁን ሒሳቤን እያገኘሁ ነው። እዚህ በኖርኩበት ሰባት ዓመት ዓረብኛውን ለምጄዋለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ግን «የስ ማዳም» ላይ ቆሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐርብ ዐርብ ቤተ ክርስቲያን የማገኛት ሊዲያ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። አል ሙንተዛህ በሚገኝ አንድ የሕፃናት መዋያ ጽዳት ትሠራለች። እዚያ የመምህርት ረዳት ሊቀጥሩ ነው። ሥራው ቀን ብቻ ነው፤ ማታ የሚያድሩበት ክፍል ይሰጣሉ፣ ቁልፉም በራስ እጅ ነው። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ያደርኩ ሰው ነኝና ይህን ሥራ ምን ያህል እንደምፈልገው እርስዎ ይገምቱልኝ። ፈተናው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ፈታኟ ዳይሬክተሯ ራሷ ናት፤ አየርላንዳዊት ስትሆን ከእንግሊዝኛ በቀር አትሰማም። ሊዲያ እንደምትለው ሴትዮዋ አፏን በከፈተች ቁጥር «ጌት» ትላለች። እባክዎ፣ ሌላው ቢቀር ይህን አንዱን ቃል ያስተምሩኝ።

ስልክ ሲያወሩ ጆሮዎ እንደማይሰማልዎት እማዬ ነግራኛለች። ስለዚህ የምጽፈውን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለባለ ፎቶ ኮፒው ለሚኪ እልካለሁ። እሱ አትሞ ያመጣልዎታል፤ የእርስዎንም መልስ እንዲሁ ይልክልኛል።

ምርቃትዎ አይለየኝ።
ሀረገወይን መኩሪያ


አሰላ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፣

የአባቶችሽ አምላክ በምትወጪበትም በምትገቢበትም ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ሚኪ በሁለት ገጽ አትሞ፣ በሁለቱም ላይ የጣቱን ቀለም ትቶ አምጥቶልኛል። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ አስተምረኝ ያለኝ ሰው የለም። ባለቤቴ እንደምትለው፣ ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ክራቫቴን መፈለግ ጀምሬያለሁ። ውሸቷን ነው፤ መነጽሬን ነበር የፈለግኩት።

«ጌት»ን መምረጥሽ መልካም ነው። ሌላ መምህር ቢሆን መቶ ግስ በአንድ ሉህ ጽፎ ይልክልሽ ነበር። እኔ አንዱን እስከ ሥሩ ቆፍሬ አሳይሻለሁ። ያኔ በክፍል ውስጥ «ማግኘት» ማለት ነው ብዬሽ ነበር፤ እሱ መጀመሪያው ብቻ ነው። ከእንቅልፍ መነሣት፣ ታክሲ ውስጥ መግባት፣ ከአውቶቡስ መውረድ፣ ቤት መድረስ በዚሁ ቃል ይነገራል። መድከም፣ መናደድ፣ ማርጀት፣ መታመምም እንደዚያው። ውሃ አምጪልኝ ቢሉሽ፣ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፣ ከሰው ጋር ተግባባሁ፣ ፈቃድ አገኘሁ፣ አገባሁ፣ ገባኝ ቢሉሽ ሁሉም ውስጥ ጌት አለ። አሥራ አምስቱን አጠቃቀም በሌላ ገጽ ከነምሳሌው ጽፌልሻለሁ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አረፍተ ነገር ሠርተሽ ትልኪልኛለሽ።

ደንቤን ታውቂዋለሽ፤ ካላወቅሽ ልድገመው። በእኔ ክፍል እውነት ያልሆነ አረፍተ ነገር አይጻፍም። «ጆን ፈረስ ገዛ» ብሎ የጻፈን ተማሪ ጆንን ከነፈረሱ ይዘህ ና እለው ነበር። ከገዛ ኑሮሽ ጻፊ፤ የኖርሽውን ነገር አፍሽ አይረሳውም።

ክፍያ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ። ሰው ካገኘሽ ግን ቀይ እስክርቢቶ ላኪልኝ። ከዚህ የምገዛው አንድ ገጽ ሳላርምበት ይደርቃል።

መምህርሽም አጎትሽም የሆንኩ
ገብረ መስቀል


ዶሃ፣ አቡ ሃሙር
ዐርብ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ቤቱ በሙሉ ሰላም ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ጋ ሙቀቱ በረድ ብሏል፤ አሁን ግቢው ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ራሴን አያዞረኝም። ስድስት ቀይ እስክርቢቶ ወደ አዳማ በምትሄድ ልጅ እጅ ልኬያለሁ።

የቤት ሥራዬ ይኸው። እንግሊዝኛው በሌላው ገጽ ነው፤ ለማለት የፈለግኩትን እንዲያውቁት አማርኛውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ከሌሊቱ አሥር ተኩል እነሣለሁ። ኑርንና ሐማድን ለትምህርት ቤት አዘጋጃለሁ። ለማዳም ሻይ አመጣለሁ። ልጆቹ ከመኪና ሲወርዱ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ሐማድ ጉንፋን ሲይዘው ኑርም ይይዛታል። ማታ ሲሆን ይደክመኛል። ከምግብ አብሳይዋ ከጣሂራ ጋር እግባባለሁ። ባለፈው ወር ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ማዳም በዓረብኛ ስትቀልድ ቀልዱ ይገባኛል። ዐርብ ከቤተ ክርስቲያን በስድስት ሰዓት ቤት እደርሳለሁ። አዲስ መኪና አገኘሁ፤ ቀለሟ ነጭ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ወደ ባሕሩ ዳር እሄዳለሁ። ኑሮዬ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ነው። ጥር ላይ አገባለሁ፤ ሰውዬው ሹፌር ነው።

ስህተቴን ሳይራሩ ይንገሩኝ።
ታዛዥ ተማሪዎ ሀረገወይን


አሰላ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀረገወይን መኩሪያ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መጀመሪያ የመምህርነቴን ላድርስ። ከአሥራ አራቱ አረፍተ ነገር አሥራ አንዱ ራይት ነው። ሦስቱ ላይ ኤክስ አድርጌያለሁ፤ ምክንያቱን ከጎናቸው ታገኚዋለሽ። ለረጅም ጊዜ ከትምህርት ለራቀ ሰው በጣም ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ በአባትሽ ቦታ ሆኜ ልናገር። እንኳን ደስ ያለሽ። ግን ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቤት ሥራ ይነገራል? ሰውዬው የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? እኔን የመሰለ አጎት ተቀምጦ ሽማግሌ ሳይላክ ቀን ተቆረጠ? አዝኛለሁ፤ ማዘኔንም አልደብቅሽም።

ሚኪ ወረቀቱን ሲያትም አንብቦት ኖሮ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ሰፈሩ ሰምቶታል። እናትሽ ጌሾ አስወቅጣለች። ለእድሩ ዳኛ ለጥር ድንኳን እንዲያዝላት ነግራለች። ባለ ባጃጁ ከድር መኪናዋ ስንት ሲሲ እንደሆነች ጠይቅልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ በሬን አንኳኩቷል። እናትሽ በስልክ ስታወራሽ ምንም ያላለችሽ አኩርፋ ነው። ራሷ አፍ አውጥታ እስክትነግረኝ ድረስ አልጠይቃትም ብላለች።

ሌላም ነገር ልለምንሽ። የገበያ አዳራሽ ስትሄጂ እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች ጌትን ሲናገሩ ከሰማሽ፣ ያሉትን እንዳሉት ጽፈሽ ላኪልኝ።

ገብረ መስቀል


ዶሃ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝና በቀጥታ ልንገርዎት። ባል የለም።

መኪናም የለችም። የመንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። አሥር አረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ እውነት አለቀብኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልጻፍ? መነሣት፣ ማምጣት፣ መድከም፤ ሌላ ምን አለኝ? ስለዚህ አራቱን ከራሴ ፈጠርኳቸው። ከእርስዎ ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

እባክዎ እማዬን ያስታርቁልኝ፤ ዛሬ ደውዬላት ሁሉን ብነግራት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሚኪን ግን እኔ ራሴ ስመጣ አናግረዋለሁ።

አፍሬ የምጽፍልዎት
ሀረገወይን


አሰላ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀረገወይን፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ባንቺ ተናደድኩ፣ ሁለተኛውን በሚኪ። ሦስተኛውን በራሴ።

በመጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልንገርሽ። ድንኳኑ ለሌላ ሰርገኛ ተሰጥቷል። ጌሾው አልባከነም፤ እናትሽ ለገና ትጠምቀዋለች፣ ከኩርፊያዋም ተመልሳለች። እንዲያውም ጉዱን ለጎረቤት ስታወራ ከሁሉም በላይ የምትስቀው እሷ ናት። ሚኪ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ከአሁን በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማትመው ብሏል። ከድር ብቻ እስካሁን አላመነም፤ መኪናዋን ደብቃት ነው ይላል።

በራሴ የተናደድኩበትን ልንገርሽ። የቤት ሥራሽን እንደገና አወጣሁና ያለ ቀይ እስክርቢቶ አነበብኩት። እውነት የሆኑት አረፍተ ነገሮችሽ ከፀጉርሽና ከቤተ ክርስቲያንሽ በቀር ሁሉም የሌላ ሰው ናቸው። የኑር፣ የሐማድ፣ የማዳም። ለራስሽ የሆነ ነገር ለመጻፍ መፍጠር ግድ ሆነብሽ። ልጄ፣ ይህ አንጀቴን በላው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያን ደንብ ሳስተምር፣ እውነቱ ያለቀበት ተማሪ ምን ያድርግ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ደንቡን አሻሽያለሁ። እውነት የሌለሽ መስመር ላይ አትዋሺ፤ ባዶ ተይው። ባዶ መስመር ኤክስ አይደረግበትም። ቀኑ ሲደርስ ትሞይዋለሽ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አሥራ አምስት አዝዤ አሥራ አራት ነው የደረሰኝ። የቀረው «ፈቃድ አገኘሁ» የሚለው ነው። ያን አልፈጠርሽውም፣ ዘለልሽው። ለማዳምሽ አልነገርሻትም ማለት ነው?

ደግሞም ስለ ገበያ አዳራሹ የጠየቅኩሽን አልመለስሽልኝም። እኔ ባስተማርኩሽ መንገድ ለአንድ የውጭ ሰው ተናግረሽ ታውቂያለሽ? ገባው?

ገብረ መስቀል


ዶሃ፣ አቡ ሃሙር
ዐርብ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፣

መጪው ልደት የሰላም ይሁንልን። ልክ ነዎት፤ አልነገርኳትም ነበር። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ደመወዜን ቀን አሳልፋብኝ አታውቅም። ያልነገርኳት ፈርቻት አይደለም፣ ልጆቹ ናቸው የያዙኝ። ኑርን የተቀበልኳት የአሥር ወር ሕፃን ሆና ነው። ልሄድ ነው ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግስቱ ማዳም ሻይ ስትጠጣ ጠብቄ፣ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። መሥሪያ ቤቷ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ፈቃድዎን ማግኘት እፈልጋለሁ አልኳት፤ እርስዎ እንደጻፉልኝ፣ አንድ ፊደል ሳላጎድል። ፊንጃሏን አስቀመጠችና ሰባት ዓመት ሙሉ አይታኝ እንደማታውቅ አየችኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ስለዚህ ነገር አላነሳችም። ጣሂራና እኔ ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ ነበር የምናወራው።

በአራተኛው ቀን የኑርን ፀጉር እየሠራሁ ሳለ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። በዓረብኛ ነው የተናገረችኝ።

«እንግሊዝኛውን የት ተማርሽው?»

«በደብዳቤ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ረመዳንን አብረሽን ቆዪ። ከዒድ በኋላ የመልቀቂያ ወረቀቱን እፈርምልሻለሁ። ዐርብ ዐርብ ግን ለኑር ፀጉር ትመጫለሽ፤ ኸላስ፣ በቃ።»

ጋሼ፣ ያን መስመር ሞልቼዋለሁ። በቀይ ራይት ያድርጉልኝ።

ለጥያቄዎ፣ አዎ፣ ማዳም ገብቷታል። እሷም ግን እንግሊዝኛን እንደኛው ተምራ ነው ያወቀችው። ቋንቋው የእናቱ ለሆነ ሰው እስካሁን አልተናገርኩም፤ የመጀመሪያዋ ዳይሬክተሯ ናት የምትሆነው።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። የራስዎን አሥራ አምስት አረፍተ ነገር ይላኩልኝ። ደንቡም ያው ነው፤ እውነት ብቻ፣ ካልሆነ ባዶ።

አክባሪዎ ሀረገወይን


አሰላ
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደፋሯ ተማሪዬ፣

ጥምቀትን በሰላም አክብረናል፤ እናንተንም በያላችሁበት ይጠብቃችሁ። በፈቃድሽ መስመር ላይ ራይት ብቻ ሳይሆን «በጣም ጥሩ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ይህን በዓመት ከሁለት ተማሪ በላይ አልጽፍም ነበር።

መምህር በተማሪው የቤት ሥራ ሲታዘዝ የኔ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ግን ታዘዝኩ። እንግሊዝኛው በሌላው ገጽ አለ። በማለዳ እነሣለሁ፣ የምሄድበት ግን የለኝም። ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አስነቀልኩ። በሚኪ እናደዳለሁ። ክርክር በተነሣ ቁጥር የመጨረሻውን ቃል የምታገኘው ባለቤቴ ናት። ከጎረቤቴ ከከድር ጋር እግባባለሁ፤ ይህን ስለ መኪናሽ ካልተነሳ በቀር ብዬ አስተካክዬዋለሁ። እያረጀሁ ነው። ካንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አራት ሞላሁ።

አሥራ አምስተኛው፣ መረዳት የሚለው፣ ባዶ ነው። ለምን መሰለሽ? እንግሊዝኛዬን ሰምቶ ገባኝ ያለኝ፣ ቋንቋው የገዛ ቋንቋው የሆነ ሰው አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ኢትዮጵያውያንን ነው፤ ያስተማሩኝም ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጣት ሳለሁ፣ ሁለት ፈረንጆች አውቶቡስ ተራው ላይ ወርደው ከሰው መግባባት አቃታቸው ተባለና ተማሪዎች ሊጠሩኝ መጡ። የኮቴን ቁልፍ እየቆለፍኩ ሮጥኩ። መንገድ ላይ የምለውን እያጠናሁ ነበር። ስደርስ አውቶቡሱ ሄዷል።

ያስተማርኩት ነገር ሰዎች እውነት የሚናገሩት ቋንቋ መሆኑን የማውቀው በእምነት ብቻ ነው። ገበያ አዳራሹን የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር። ይህን በባዶው መስመር አጠገብ በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ጽፌዋለሁ፤ እንድታነቢው ብዬ ነው።

ፈተናሽ ደርሷል። ሴትዮዋ የምትዪውን ካልሰማችሽ ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም። የሆነውን ግን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ገብረ መስቀል


ዶሃ፣ አቡ ሃሙር
ዐርብ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ ጋሼ፣

እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት ተክሌ የሚባል ሹፌር ነው፤ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት እየገባ ነው። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ ይህን ለእማዬ አስቀድመው ይንገሩልኝ።

ፈተናው ማክሰኞ ነበር። ያስቀመጡኝ የሕፃናት ወንበር ላይ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዳይሬክተሯ መናገር ስትጀምር ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ቋንቋ አልመሰለኝም። ቃሎቹ ተያይዘው ነው የሚወርዱት። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ መሀል ላይ አንድ «ጌት» ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። ሁለቱን ይዤ በመካከላቸው ያለውን ገመትኩ፤ ውሎሽን ንገሪኝ ማለቷ ነበር።

ውሎዬን በጌት ነገርኳት። ከመነሣቴ ጀምሬ፣ ልጆቹን ማዘጋጀት፣ ሻዩ፣ መኪናው፣ የሐማድ ጉንፋን፣ የማዳም ፈቃድ። አንድም ጊዜ ምን አልሽ አላለችኝም። ስጨርስ ስንት ጌት እንዳልኩ ስትቆጥር እንደነበር ነገረችኝና ሳቀች። እኔም አሥራ አምስት መሆን ነበረበት፣ የመኪናዬና የማግባቴ መስመሮች ግን ባዶ ናቸው አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ግራ ሲገባት ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት።

ቀዩን እርማት ገጽ በገጽ አየችው። የእርስዎ አሥራ አራት አረፍተ ነገር ያለበት ወረቀትም ደብተሩ ውስጥ ነበር። ላንብበው ብላ አስፈቀደችኝ፤ እኔም እርስዎን ሳልጠይቅ ፈቀድኩላት፤ ይቅር ይበሉኝ። ስለ ባለቤትዎ የጻፉት ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ሳቀች። ታች ያለው ባዶ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ ቆመ። የአውቶቡሱን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጠረጴዛዋ ጋ ሄዳ ለረጅም ጊዜ ጻፈችና በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ። ፖስታው እዚህ ውስጥ አለ። አልከፈትኩትም፤ በሚኪ በኩልም አልላክኩትም።

ሥራውን አግኝቻለሁ ጋሼ። ከዒድ በኋላ እጀምራለሁ። ከሊዲያ ጋር አንድ ክፍል ይሰጡናል፤ ቁልፉን ከአሁኑ አሳይታኛለች፣ ቀይ ሪባን አለበት።

ጉልበትዎን ስሜ የምሰናበት
ሀረገወይን


አሰላ
የካቲት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለመምህርቷ ረዳት ለሀረገወይን መኩሪያ፣

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። በክፍልሽም በሰላም ግቢበት፤ ቁልፉም ለብዙ ዘመን ይክፈትልሽ። እናትሽ ከደስታዋ ብዛት ሚኪን አቅፋ ስማዋለች። ተክሌን በመልካም ተቀብለነዋል፤ ከድር መኪናዋን እየነዳሽ እንደሆነ ሊያሳምነው ሞክሮ አልተሳካለትም።

ፖስታውን ቀኑን ሙሉ ሳልከፍት ዋልኩ። ባለቤቴ ካልከፈትከው እኔ እከፍተዋለሁ ስትለኝ ነው የከፈትኩት። አንድ ገጽ ከግማሽ ነው። መዝገበ ቃላት ያስፈለገኝ ለሁለት ቃል ብቻ ነው። የጻፍኩት ሁሉ እንደገባት ትናገራለች። «ዘጠነኛውን አረፍተ ነገር ዛሬ ማንም እንዲያ አይልም፣ ሟች አያቴ ግን ልክ እንዲያ ትል ነበርና እባክዎ አያርሙት» ብላኛለች። ልጄ፣ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይህን ሳነብ አለቀስኩ፣ ማልቀሴንም ባለቤቴ አይታለች።

ከሁሉም በላይ ግን መጨረሻ ላይ ጥያቄ ጠይቃኛለች። እኔ በሕይወቴ በእንግሊዝኛ የጠየቅኩትም የተጠየቅኩትም ጥያቄ ሁሉ ጠያቂው መልሱን የሚያውቀው ነበር። ይህችኛዋ ግን አታውቀውም፤ ለማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። አውቶቡስ ተራው ላይ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች እነማን ነበሩ? ከየት ነው የመጡት? ትላለች።

አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። መንገድ ላይ ሳጠናው ከነበረው፣ ከኮቴ፣ ከአውቶቡሱ አቧራ ጀመርኩ፤ የትኛውም የጥያቄዋ መልስ አልሆነም። በመጨረሻ ያለውን እውነት በአንድ አጭር አረፍተ ነገር ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ለሰው የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ «አላውቅም» የሚል ሆነ። ከዚያ አንቺ የላክሽልኝን ቀይ እስክርቢቶ አንስቼ ራይት አደረግኩበት።

ገብረ መስቀል